የቺንጋ ቬንትሌተርን በኤሌክትሪክ መተካት፦ ለወለጋ መንገድ የተዘጋጀ መመሪያ

ከነቀምት ወደ ጊምቢ የሚነዳ ሰው በአንድ ጠዋት ሁለት አየር ያገኛል። ነቀምት ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በማለዳ ሞተር ተነስቶ እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል። መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ዴዴሳ ሸለቆ ሲደርስ ወበቁ ይጀምራል። ድልድዩን ተሻግሮ ሽቅብ ሲያያዝ መኪናው በሁለተኛ ማርሽ ያዘግማል፣ የሙቀት ጌጁም ወደ ቀዩ መጠጋት ይጀምራል። ወደ በደሌ የሚወስደውም ሆነ በአንገር ጉትን አድርጎ ወደ ቡሬ የሚሻገረው መንገድ እንዲሁ ደጋና ቆላን ያፈራርቃል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ እጃችን ላይ ያለውን መኪና አክሞ ማቆየት ከምንጊዜውም በላይ ዋጋ አለው። በየጋራዡ ከሚቀርቡት መፍትሔዎች አንዱ በቺንጋ የሚዞረውን ነባር ቬንትሌተር አውጥቶ በባትሪ የሚሠራውን መግጠም ነው። ሥራው በሚስማማው መኪና ላይ፣ በሥርዓቱ ከተሠራ ይጠቅማል። የተደፈነ ራዲያተርን ለመሸፈን ከተሠራ ግን መጨረሻው ቴስታታ ማስፈታት ነው። ስለዚህ መመሪያው ከመፍቻው በፊት ከምርመራው ይጀምራል።

ሁለቱ እንዴት ይለያያሉ?

ነባሩ ቬንትሌተር ከውሃ ፖምፓው ጋር ታስሮ በቺንጋ ስለሚዞር ፍጥነቱ የሚወሰነው በሞተሩ ፍጥነት ነው። መኪናው ገበያ መሐል ቆሞ ሲንተከተክ፣ ንፋስ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ቬንትሌተሩ በዝግታ ይዞራል። ሜዳ መንገድ ላይ ፊት ለፊት የሚመጣው ንፋስ ብቻውን በሚበቃበት ሰዓት ደግሞ በኃይል እየዞረ ጉልበት ይበላል። የቬንትሌተር ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚወስደው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ብዙ የናፍጣ መኪኖች ፋን ክላች ተገጥሞላቸዋል፤ በውስጡ ያለው የሲሊኮን ዘይት ሲቀዘቅዝ ቬንትሌተሩን ላላ አድርጎ፣ ሲሞቅ አጥብቆ ይይዘዋል።

የኤሌክትሪኩ ቬንትሌተር ሞተሩ ቀስ ቢልም በሙሉ ኃይሉ ይዞራል፤ በማለዳ ብርድ ደግሞ አይነሳም። ጉልበቱ ግን ወሰን አለው። በ12 ቮልት 30 አምፔር የሚወስድ ቬንትሌተር 360 ዋት ነው፤ ይህም ወደ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ይጠጋል። በትልቅ ናፍጣ ሞተር ላይ ያለ ጤነኛ የቺንጋ ቬንትሌተር ሞተሩ ሲጮህ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወስዳል፣ የሚስበውም አየር በዚያው ልክ ይበዛል። ከፍታም ተጽዕኖ አለው፤ በነቀምት ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ሻጩ “ይበቃል” ያለው ቬንትሌተር እዚህ ላይበቃ ይችላል።

ሐሳቡ ራሱ በፋብሪካ የተፈተነ ነው። በሐረርና በድሬዳዋ ለዘመናት ታክሲ ሆኖ የኖረው ፔጆ 404 ሙቀት ሲቀንስ ቬንትሌተሩን የሚለቅ በመግነጢስ የሚሠራ መያዣ ነበረው። በአዲስ አበባ ታክሲነት የምናውቀው ላዳም በ1970 እ.ኤ.አ. በ2101 ሞዴል ሲጀምር ቬንትሌተሩ ከውሃ ፖምፓው ጋር የታሰረ ነበር፤ በኋላ በመጣው 2107 ግን በሙቀት መቆጣጠሪያ ወደሚነሳ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ተዛወረ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ያንኑ ለውጥ በጋራዥ የሚያከናውኑ ናቸው።

ደረጃ 1፦ መኪናዎ ለዚህ ሥራ ይሆናል?

ለለውጡ የሚመቹት አነስተኛ የቤንዚን መኪኖች ናቸው። ዋናው ምሳሌ ዲኤክስ የምንለው የቀድሞው ኮሮላ ነው፤ ቬንትሌተሩ በቀጥታ ፖምፓው ላይ ስለታሰረ ብርድም ሆነ ሙቀት ሳይለይ ይዞራል። ቀላል ጭነት ይዞ ከተማ ውስጥ የሚውል የቤንዚን ፒክአፕም ከዚሁ ይመደባል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ከጊምቢና ከነጆ ቡና ጭኖ ዴዴሳን የሚወጣ አይሱዙ፣ ሰው ሞልቶ የሚጓዝ ናፍጣ ሚኒባስ ወይም ሸክም የማይለየው ላንድክሩዘር ነባር ቬንትሌተሩን ይዞ ቢቆይ ይሻላል። ለእነዚህ ትክክለኛው ጥገና ፋን ክላቹን ማደስ ነው። ሞተሩን በደንብ አሙቀው ያጥፉና ቁልፉን ይንቀሉ፣ ከዚያ ቬንትሌተሩን በእጅ ያዙሩት። ያለ ምንም ተቃውሞ ደጋግሞ ከዞረ ወይም ዙሪያው የዘይት ርጥበት ካለው ክላቹ ደክሟል። አንዳንዶቹ ተከፍተው በሲሊኮን ዘይት ይሞላሉ፣ ሌሎቹ እንዳሉ ይለወጣሉ።

ሌላው መታየት ያለበት ቮልቱ ነው። ብዙዎቹ አይሱዙዎችና አንዳንድ ላንድክሩዘሮች 24 ቮልት ናቸው፤ በእነርሱ ላይ የ12 ቮልት ሞተር ይቃጠላል።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ሕመሙን ይፈልጉ

ጤነኛ መኪና በነባሩ ቬንትሌተርም ቢሆን በየዳገቱ አይፈላም። የሚፈላ ከሆነ መንስኤውን በቅደም ተከተል ያጣሩ።

ራዲያተሩ፦ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ፊቱን ሳይነኩ እጅዎን እያስጠጉ ሙቀቱን ይለዩ። ከፊሉ ሞቆ ከፊሉ ከቀዘቀዘ የቀዘቀዘው ወገን ተደፍኗል፤ ይጽዳ ወይም ይለወጥ። ከውጭ ደግሞ የክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ ክንፎቹን ይሞላቸዋል። በሞተሩ በኩል ሆነው ወደ ውጭ በቀስታ በውሃ ያጥቡት፤ የመኪና ማጠቢያ ግፊት ክንፎቹን ያጣምማል።

ክዳኑ፦ በነቀምት ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ በ90ዎቹ ውስጥ ሳይፈላ የሚሠራው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይጻፋል፤ የ0.9 ክዳን ጤነኛ ከሆነ ውሃውን እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ግን ይህንን ሁሉ ያሳጣል። ብዙ “የቬንትሌተር ችግር” የሚፈታው በክዳን ነው።

ቴርሞስታቱ፦ “ሙቀት ይቀንሳል” ተብሎ ቴርሞስታት አውልቆ መጣል በአገራችን የተለመደ ነው። እባክዎ ይመልሱት። ያለ እርሱ ሞተሩ በነቀምት ብርድ የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ ነዳጅ እያባከነ ይውላል፤ አዲሱ የሙቀት መቆጣጠሪያም መነሻው ይዛባበታል። የብዙ ቶዮታዎች ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል። ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አድርገው ውሃ እያሞቁ ሲከፈት ማየት ይቻላል።

ፖምፓውና ቺንጋው፦ ከፖምፓው ሥር ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ወይም ኩሽኔታው የሚወዛወዝ ከሆነ መጀመሪያ እርሱ ይለወጥ። የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ውሃ አያዞርም፤ ፖምፓው ከቆመ ምንም አያድንም።

የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ፦ ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ከታየ፣ ዘይቱ ወተት ከመሰለ፣ ውሃው ሳይፈስ የሚጎድል ከሆነ ጓርኒሲዮኑ አልቋል። ይህ ሳይጠገን ቬንትሌተር መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ደረጃ 3፦ ዲናሞው ይችላል?

የቆዩ አነስተኛ መኪኖች ዲናሞ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 55 አምፔር ነው፤ ቁጥሩ ጀርባው ላይ ይገኛል። በክረምት ምሽት በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ይደምሩ። ረጅሙ የፊት መብራት 10 አምፔር ገደማ፣ የኋላና የጎን መብራቶች 3፣ የዝናብ መጥረጊያው 5፣ የሞተሩ ማቀጣጠያ 4፣ የመስታወት ማድረቂያው ንፋስ 8፤ በድምሩ 30 ይሆናል። ዲናሞዎ 50 አምፔር ከሆነ የሚተርፈው 20 ነው። ያውም ሞተሩ ቀስ ሲል ዲናሞው ሙሉውን አይሰጥም። ስለዚህ ወይ ከ15 እስከ 20 አምፔር የሚወስድ ቬንትሌተር ይምረጡ፣ ወይ ከፍ ያለ ዲናሞ ያስገጥሙ።

ደረጃ 4፦ ቬንትሌተሩን መምረጥ

ከራዲያተሩ ጀርባ፣ በሞተሩ በኩል ተገጥሞ አየር የሚስበውን ይምረጡ። ከፊት ሆኖ የሚገፋው ዓይነት የንፋሱን መግቢያ ይሸፍናል፣ ጭቃና ጠጠርም ያገኘዋል። ለዲኤክስ 35 ሴንቲ ሜትር፣ ለፒክአፕ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይበቃል። ከመግዛትዎ በፊት በራዲያተሩና በፖምፓው ፊት መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ከነሞተሩ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፤ ከፖምፓው ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት።

በመርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም በአካባቢዎ ካለ መለዋወጫ ሻጭ ከሌላ መኪና የወጣ ያገለገለ ከገዙ እዚያው ባትሪ ላይ ያስሞክሩት። ኩሽኔታው የሚጮህ፣ ክንፉ የተሰነጠቀ ወይም ሲነሳ የሚያመነታ ከሆነ ይተዉት። ከነላሜራው ወይም ከነፕላስቲክ ሽፋኑ የሚሸጥ ካገኙ እርሱ ይቅደም።

ደረጃ 5፦ ነባሩን ማውጣት

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ። ውሃውን በንጹሕ ዕቃ ያንጠባጥቡ፤ ኩላንት ከሆነ ከብትና ውሻ የማይደርሱበት ቦታ ያኑሩት፣ ጣዕሙ ይስባቸዋል፣ መርዝ ነው። ነባሩን የራዲያተር ሽፋን ያውጡ፣ ቺንጋው እንደታሰረ ሳለ የቬንትሌተሩን አራት ቡሎኖች ያላሉ፣ ከዚያ ቬንትሌተሩን አውጥተው ያስቀምጡ።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። እነዚያው ቡሎኖች ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሊም ይይዛሉ። ቬንትሌተሩ ሲወጣ ውፍረቱ ስለሚቀንስ የድሮዎቹ ቡሎኖች ይረዝማሉ፤ ጫፋቸው የፖምፓውን አካል ሊነካ ወይም ፑሊው ሳይጠብቅ ሊቀር ይችላል። ተመሳሳይ ጥርስ ያላቸው አጫጭር ቡሎኖች ከነሮንዴላቸው ያስገቡና አጥብቀው ይሰሩ። ከዚያ ፑሊውን በእጅ አዙረው በቀጥታ መዞሩን ያረጋግጡ፣ ቺንጋውንም ያስተካክሉ።

ደረጃ 6፦ ሽፋኑንና ቬንትሌተሩን መግጠም

ክብ የሆነ ቬንትሌተር አራት ማዕዘን ራዲያተር ላይ ብቻውን ሲለጠፍ ከፊት ለፊቱ ካለው ክፍል ብቻ ይስባል፤ ማዕዘኖቹ ያለ ሥራ ይቀራሉ። ስለዚህ ከ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ የራዲያተሩን ፊት በሙሉ የሚሸፍን፣ ከክንፎቹ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚርቅ ሳጥን ያሠሩ። ዳርቻውን በላስቲክ ዘግተው አየር እንዳያፈተልክ ያድርጉ። ቬንትሌተሩ የሚቀመጠው የተቆረጠው ክብ ላይ ነው።

ሳጥኑን ከራዲያተሩ ጎንና ጎን ካለው ብረት ጋር በቡሎን ይሰሩት። አንዳንድ ዕቃዎች በክንፎቹ መካከል አልፎ የሚያስር የፕላስቲክ ዘንግ ይዘው ይመጣሉ። ለወለጋ መንገድ አይሆንም፤ በኮረኮንች ላይ ሲንቀጠቀጥ ውሎ የራዲያተሩን ቱቦ ይበሳል።

ደረጃ 7፦ የሙቀት መቆጣጠሪያውን ማስገባት

ቬንትሌተሩን የሚያስነሳው የውሃው ሙቀት ነው። መቆጣጠሪያው በ92 ዲግሪ አስነስቶ በ87 የሚያጠፋ ቢሆን ከ82 ቴርሞስታት ጋር ይስማማል። በጣም ዝቅተኛ ከሆነ ቬንትሌተሩ አያርፍም፣ በጣም ከፍተኛ ከሆነ ዘግይቶ ይነሳል።

ራዲያተሩ የመቆጣጠሪያ ቀዳዳ ከሌለው በላይኛው የጎማ ቱቦ መካከል የሚገባ አጭር የብረት ቱቦ ያስቀርጹ፤ መቆጣጠሪያው በእርሱ ላይ ይጠብቃል። ቱቦው በሁለት ፋሼታ ይታሰር። መቆጣጠሪያው ባለ አንድ ሽቦ ከሆነ የብረት ቱቦው ከሁለቱም በኩል በጎማ የተከበበ መሆኑን አይርሱ። ማሳ ስለማያገኝ ከቱቦው ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚሄድ ቀጭን ሽቦ ያስፈልገዋል። ይህ የተረሳበት ቬንትሌተር ጨርሶ አይነሳም።

ደረጃ 8፦ ሽቦውን መዘርጋት

የቬንትሌተሩን ሙሉ ጉልበት በዳሽቦርድ ማብሪያ በኩል ማሳለፍ እሳት መጋበዝ ነው። ባለ 40 አምፔር ሪሌይ ይጠቀሙ፤ እግሮቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል።

ቁጥር 30፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ በኩል ይመጣል። ፊውዙ ከባትሪው ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ አይራቅ።

ቁጥር 87፦ ወደ ቬንትሌተሩ ፖዘቲቭ ይሄዳል። ከዚሁ ላይ ዳሽቦርድ ላይ ለምትገኝ ትንሽ መብራት ሽቦ ይውሰዱ፤ ቬንትሌተሩ መብራት ማግኘቱን ሾፌሩ ያያል።

ቁጥር 86፦ ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ፊውዝ ይመጣል።

ቁጥር 85፦ ሦስት ቦታ ባለው የዳሽቦርድ ማብሪያ መሐለኛ እግር ላይ ይታሰራል። የማብሪያው አንዱ ጎን ወደ ሙቀት መቆጣጠሪያው፣ ሌላው ጎን ወደ ማሳ ይሄዳል። በዚህ አሠራር አንዱ ቦታ “በራሱ”፣ ሁለተኛው “ሁልጊዜ”፣ መሐሉ “ጠፍቷል” ይሆናል።

20 አምፔር ለሚወስድ ቬንትሌተር ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና የ30 ፊውዝ፣ 30 ለሚወስድ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬና የ40 ፊውዝ ይበቃል። የቬንትሌተሩ ኔጌቲቭም በዚያው ውፍረት በቀጥታ ወደ ባትሪው ይመለስ፤ ዝገት በያዘ የመኪና አካል ላይ አይተማመኑ። ሽቦ በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ሁሉ ላስቲክ ያልብሱ። ሪሌዩን እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ከፍ ባለ ቦታ ይሰሩት፤ ነቀምት ዝናቧ ብዙ ነው፣ ርጥበት የገባበት መጋጠሚያ በአንድ ክረምት ይዝጋል።

ደረጃ 9፦ ቆሞ መፈተን

ውሃውን ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ዲስትልድ ውሃ አድርገው ይሙሉ። የወንዝ ውሃ ደለልና ቆሻሻ ይዞ ገብቶ ራዲያተሩን ይደፍናል። የታፈነው አየር እስኪወጣ ክዳኑን ከፍተው ሞተሩን ከቀዝቃዛ ጀምሮ ያሠሩ፣ ከዚያ ይክደኑ።

ማብሪያውን “ሁልጊዜ” ላይ አድርገው ወረቀት ከግንባሩ ፍርግርግ ፊት ይያዙ። ወደ ራዲያተሩ ከተሳበ ትክክል ነው። ከተገፋ ሁለቱ የሞተር ሽቦዎች ተለዋውጠዋል፤ ያስተካክሉ። ቬንትሌተሩ እየዞረ በባትሪው ላይና በቬንትሌተሩ መግቢያ ላይ ቮልት ይለኩ። ልዩነቱ ከ0.5 ቮልት ከበለጠ ሽቦው ቀጭን ነው ወይም መጋጠሚያ ላልቷል። ሪሌዩንና ፊውዙን በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱ፤ ለብ ማለት ያለ ነው፣ የሚያቃጥል ከሆነ ይታይ።

ከዚያ “በራሱ” ላይ አድርገው መኪናው ቆሞ ይሥራ። ቬንትሌተሩ ሲነሳና ሲጠፋ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይመልከቱ። መብራት ሁሉ በርቶ፣ ሞተሩ ትንሽ ጨመር ተደርጎ ባትሪው ላይ ከ13 ቮልት በታች ከወረደ ዲናሞው አልቻለም። ቁልፉ ክፍት ሳለ ቬንትሌተሩ በማንኛውም ሰዓት ሊነሳ ስለሚችል ኮፈን ሥር እጅ ከማስገባት በፊት ቁልፉን መንቀል ልማድ ይሁን።

ደረጃ 10፦ በመንገድ ላይ መፈተን

ወዲያው ሰው ጭነው ዴዴሳ አይውረዱ። የመጀመሪያው ቀን ከተማ ውስጥ ይዋል። ቀጥሎ ባዶውን ወደ ባኮ አቅጣጫ ደርሶ ይመለስ። በሦስተኛው ዙር በግማሽ ጭነት ዴዴሳን ይሞክሩ፤ 10 ሊትር ውሃ፣ መለዋወጫ ፊውዝና ሪሌይ ይያዙ። ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ሲወጣ ጌጁ ከተለመደው ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢረጋ ደህና ነው። ሳይረጋ መውጣቱን ከቀጠለ ቬንትሌተሩ ለመኪናው አንሷል፤ ጭነት ከመጨመርዎ በፊት ይለውጡት ወይም ነባሩን ይመልሱ።

ዳገት ላይ ሙቀት ካየለ ማብሪያውን “ሁልጊዜ” ላይ ያድርጉ፣ ኤሲ ካለ ያጥፉ፣ የውስጥ ማሞቂያውን በሙሉ ይክፈቱ። ካልረዳ ዳር ይዘው ይቁሙ፤ ሞተሩን ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ ቀስ ብሎ እየሠራ ቬንትሌተሩ ይዙርለት። ውሃ እየፈሰሰ ከሆነ ግን ያጥፉ። ክዳኑን በሙቀቱ አይክፈቱ፤ የሚፈነዳው ውሃ ፊትና ዓይን ያቃጥላል።

በክረምት ጅረት ሲሻገሩ ማብሪያውን “ጠፍቷል” ላይ ያድርጉ። የሚዞር ክንፍ ውሃ ሲመታ ተጣሞ ራዲያተሩን ይቆርጣል፣ ውሃውንም ሞተሩ ላይ ይረጨዋል። ከተሻገሩ በኋላ ወዲያው “በራሱ” ላይ መመለሱ የሾፌሩ ኃላፊነት ነው።

ከክረምት በፊትና ከቡና ጭነት ወቅት በፊት መጋጠሚያዎቹን ያጽዱ፣ ቬንትሌተሩን በእጅ አዙረው ኩሽኔታውን ይስሙ፣ ፋሼታዎቹን ያጥብቁ። የነዳጅ ቁጠባው ትንሽ ነው፤ ትልቁ ጥቅም በማለዳ ቶሎ የሚሞቅ፣ ከተማ መሐል ቆሞ የማይፈላ ሞተር ነው። ነባሩን ቬንትሌተር ከነረጃጅም ቡሎኖቹና ከአንድ መለዋወጫ ቺንጋ ጋር መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። ከነጆ ወዲያ፣ ወደ መንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ የኤሌክትሪኩ ሞተር ቢቃጠል፣ ሳጥኑን አውጥተው አራቱን ቡሎኖች መልሰው ማሰር እስከ ቀጣዩ ከተማ ያደርስዎታል።